አዶልፍ፦ ባለቤቱ ያጠፋው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። መልአክ ያወጣውን ስም ግን አንድ ሰው ሊያጠፋው ይችላል። የጀርመኖቹ «አዶልፍ» ለዚህ ምስክር ነው።

ስሙ ከጥንታዊ ጀርመንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ክቡር ተኩላ» ማለት ነው። ለዘመናት የተከበረ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1632 በሉትዘን ጦርነት የወደቀው የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ይባላል። ሳክስፎንን የፈለሰፈው ቤልጅየማዊም አዶልፍ ሳክስ ነው።

ሂትለር በ1889 ሲወለድ የተሰጠው ስም ማንም ለልጁ የሚያወጣው ተራ ስም ነበር። በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ደጋፊዎቹ ልጆቻቸውን በእሱ ስም ጠሩ። ከ12 ዓመት በኋላ አገሪቱ ፈረሰች፤ ስሙም አብሮ ወደቀ። ዛሬ በጀርመን አዶልፍ የሚባል ሕፃን ብርቅ ነው። ስሙን የሚከለክል ሕግ የለም፤ የከለከለው ኀፍረት ነው።

አዶልፍ ዳስለር የተባለው ጫማ ሠሪ በ1949 ኩባንያውን «አዲዳስ» ያለው «አዲ» ከሚለው የቁልምጫ ስሙ ነው። ቁልምጫው ዓለምን ሲዞር ሙሉ ስሙ ተረሳ።

ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ ግን «አዶልፎ» አልሞተም። አዶልፎ ስዋሬዝ ስፔንን ከአምባገነንነት ወደ ዴሞክራሲ አሻገረ። አርጀንቲናዊው አዶልፎ ፔሬዝ ኤስኪቬል በ1980 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ።

ስሙ ማንንም አልበደለም። በሥልጣን ላይ ባለ መሪ ስም ልጁን የሚጠራ ወላጅ ግን አንድ ነገር ያስብ፦ መሪው ያልፋል፤ ልጁ ስሙን ተሸክሞ ይኖራል።