ሽቦው የታለ?

ባለፈው የጥምቀት ማግሥት ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ ለሚያውቀው መንገር አያስፈልግም፤ ለማያውቀው ደግሞ ብነግረውም አያምነኝም። ከሰል ከበን፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን ተቀምጠናል። የእህቴ ልጅ መኝታ ቤት ያለውን ኮምፒውተር ነካክታ መጣችና የቴሌቪዥኑን ሪሞት አነሳች። ጥቂት ቆይቶ የእናቷ ሠርግ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ አለ። በ1984 ዓ.ም. አንኮበር ላይ የተደገሰው ሠርግ!

እናቴ ሠርጉን ትታ ብድግ አለች። ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄዳ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ምንጣፉን ገለጥ አደረገች። ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር ተመለከተች።

«ሽቦው የታለ?»

«ሽቦ የለውም እማማ።»

«ታዲያ በምን መጣ?»

«በአየር ነዋ!»

እናቴ አማተበችና ተቀመጠች። እኛ ሳቅን። ማታ ጋደም ስል ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። «በምን መጣ?» ብቻ ሳይሆን «ከማን ዘንድ መጣ?» የሚለውም ጭምር። ምክንያቱም ምስልና ድምፅ ወደ እኛ ሲመጣ ኖሯል፤ ላኪው ግን ሁልጊዜ ሌላ ነበር። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የደብረ ብርሃን ሰው ያለ ሽቦ በመጣ ነገር ሊደነቅ አይገባውም፤ ከተማይቱ ራሷ ስሟን ያገኘችው ያለ ሽቦ ከመጣ ብርሃን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ሥፍራ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ይህን እንደ ምልክት ቆጥረው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚሁ አድርገው የመጨረሻ ዓመታቸውን ኖሩበት። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። የሆነው ሆኖ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ብርሃኑን ለማየት ቀና ማለት ብቻ ይበቃል፤ እረኛውም ንጉሡም እኩል ያዩታል። ትርጉሙን የሰጠው ግን ቤተ መንግሥቱ ነው።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሲኬድ አንኮበር ትገኛለች። በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ሃሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ከሕንድ ተልኮ፣ መልእክተኞቹን አስከትሎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። በርናትዝ አንኮበርን ሣለ፤ ተራራውን፣ ጎጆውን፣ ሰዉን። ሥዕሎቹ በ1852 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትመው ወጡ። የት? አውሮፓ። የአንኮበር መልክ ባሕር ተሻግሮ የባዕድ ሳሎን ሲያደምቅ፣ አንኮበሬው ግን የራሱን መልክ የሚያይበት ወረቀት አልነበረውም። ምስላችን ይሄዳል እንጂ አይመለስም ነበር ማለት ነው።

በኋላ አንኮበርን መቀመጫቸው አድርገው የቆዩት ዳግማዊ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ስልክ ያስገቡ ጊዜ «የሰይጣን ሥራ ነው» ያሉ ካህናት እንደነበሩ ይነገራል። ያውም ስልኩ ሽቦ ነበረው! እናቴ ብታማትብ ይፈረድባታል?

ከዚያ ሬዲዮ መጣ፤ በ1927 ዓ.ም. ከአቃቂ። ቀጥሎ ቴሌቪዥን መጣ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 34ኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት። ቀኑን አያችሁት? የአገሪቱ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በንጉሡ በዓል ነው። በቀለም ማሳየት የጀመረው ደግሞ በ10ኛው የአብዮት በዓል ሰሞን። ሥርዓቱ ይለወጣል፤ የሳጥኑ ልማድ ግን አንድ ነው። ቴሌቪዥን የሚደግሰው ለላኪው በዓል ነው፤ እኛ ታዳሚዎች ነን።

እኔ ቴሌቪዥንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በደርግ ዘመን በቀበሌ አዳራሽ ነው። በቁልፍ የሚዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ ያለው ዘበኛው ዘንድ ነው። ዘበኛው ሲደሰት ይከፍታል፤ ሲከፋው «ተበላሽቷል» ይላል። በ1982 ዓ.ም. ካሜሩን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ስትረታ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያቀፈኝን ሰው እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላውቀውም። ምን አለፋችሁ፣ ሳጥኑ የሌላ ቢሆንም ደስታው የእኛ ነበር።

ቀበሌው ሲዳከም ቪዲዮ ቤት ነገሠ። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ በ50 ሳንቲም የሕንድ ፊልም የምናለቅስበት ቤት። ከዚያ ዲሽ መጣ። የእኛ ሰፈር ዲሽ የገባው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰውየው ደግ ስለነበር ከሪሲቨሩ ላይ ሽቦ እየሳበ በአጥር ላይ ለአምስት ቤት አከፋፈለ። ችግሩ እሱ ቻናል ሲቀይር የአምስት ቤት ቻናል አብሮ መቀየሩ ነው። ድራማው ልብ ሊሰቅል ሲል ሰውየው ወደ ዜና ይሻገራል። አምስት ቤት በአንድ ጊዜ «ኧረ!» ይላል። መሄድና መለመን ነው። አንዳንዴ ቡና ይዞ መሄድም አለ።

ይህን የምነግራችሁ ለሳቅ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር ያላችሁ ሁሉ የምታውቁት አንድ ምልክት አለ፤ መንገድ ላይ ለትራፊክ የሚቆመው ብርቱካናማ ሾጣጣ። አዎ፣ ቪኤልሲ። ሁላችንም ፊልም የምንከፍትበት ፕሮግራም። ይህ ፕሮግራም የተወለደው ከእኛ ሰፈር ጣጣ ጋር በሚመሳሰል ጉዳይ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የኤኮል ሴንትራል ተማሪዎች የካምፓሳቸው ኔትወርክ ቀርፋፋ ሆኖባቸው ነበር። አዲስና ፈጣን ኔትወርክ እንዲዘረጋላቸው አሳማኝ ምክንያት ያስፈልጋቸዋል። ምክንያቱ ቪዲዮ ሆነ፦ ለየተማሪው ዲሽ ከመትከል ይልቅ በአንድ ዲሽ የመጣውን ሥርጭት በኔትወርኩ ለየክፍሉ ማዳረስ። ሥራውን ቪዲዮላን አሉት። አንዱ ፕሮግራም ይልካል፤ ሌላው ይቀበላል። ቪኤልሲ ያኔ ተቀባዩ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ለዓለም በነፃ ለቀቁት። እነሆ ደብረ ብርሃን ድረስ መጣ። የፓሪሱ ተማሪና የእኛ ጎረቤት የተለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓሪሶቹ ሽቦውን አስበው ሳቡት።

የቀረው ሽቦውን ማስወገድ ነበር። ጀርመናዊው ሄርትዝ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ካሳየ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ መንገዱ ክፍት ነው፤ አቃቂም የተጠቀመው በዚያው ሞገድ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ዛሬ ዋይፋይ የምንለው አሠራር የመጀመሪያ ደንቡ ወጣለት። ያኔ ፍጥነቱ በሴኮንድ ቢበዛ 2 ሜጋ ቢት ነበር። አንድ የዲቪዲ ፊልም ደግሞ 5 ሜጋ ቢት ያህል ይፈልጋል። በቀጭን ጡት ብዙ ጥጃ አይጠባም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ፍጥነቱን እስከ 54 ያደርስ ነበር። በዚያው ዓመት ሶኒ፣ ኢንቴልና ሌሎች ኩባንያዎች ማኅበር ፈጥረው፣ የአንዱ ፋብሪካ ኮምፒውተርና የሌላው ፋብሪካ ቴሌቪዥን የሚግባቡበትን ቋንቋ መደንገግ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያለው የገበያ ታሪክ ነው፤ በ2010 ኤርፕሌይ፣ በ2012 ሚራካስት፣ በ2013 ደግሞ በ35 ዶላር የተሸጠው የጎግል ክሮምካስት።

አሠራሩ እናቴ እንደፈራችው አይደለም። ኮምፒውተሩ ፊልሙን ይቆራርጠዋል፤ ቁራጮቹን በሞገድ ወደ ራውተሩ ይልካል፤ ራውተሩ ለቴሌቪዥኑ ያቀብላል፤ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ትንሽ እያጠራቀመ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ «ትንሽ ቆየ» ያልኳችሁ እያጠራቀመ ነበር። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ስለሚያዳክም የእህቴ ልጅ ራውተሩን ከበሩ ትይዩ አድርጋዋለች። ሌላ ምሥጢር የለውም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ይመስሉናል። አይደሉም። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ለሚሄድ ፊልም ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ከጓዳ ሳሎን ወጥ ለማምጣት አውቶቡስ እንደማያስፈልግ ሁሉ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ፣ የእህቴ ልጅና ጓደኞቿ በፍላሽ የተለዋወጡትን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አጠራቅመው እርስ በርስ የሚተያዩበትን መላ የተማሩት ያኔ ነው። ከውጭ የሚመጣው ሲዘጋ፣ ቤት ውስጥ ያለውን መፈለግ ተጀመረ። እኔ ስለ ጦርነትና ስለ መዘጋት በጎ ነገር ላወራ አልፈልግም፤ ያ ጊዜ ያጎደለብንን እናውቃለን። ግን ያ ትውልድ አንድ ነገር ገባው፤ ቤትም ጣቢያ መሆን ይችላል።

እሺ፣ ቤት ጣቢያ ሆነ እንበል። ምን ያሰራጫል?

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። የእህቴ ሠርግ የተቀረጸው በሁለት ካሴት ነው። አንደኛው ሠርጉ፣ ሁለተኛው መልሱ። በመልሱ ላይ አባቴ ተነሥቶ ፎክሯል። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲፎክር አይቼው አላውቅም። ፊቱን ወደ ካሜራው መልሶ፣ ዱላውን ከፍ አድርጎ። በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ሲደርስ ባዶ ካሴት ፈለግሁ። አጣሁ። ይህን መልስ ማን ያየዋል አልኩና ኳስ ቀዳሁበት። የቀዳሁትን ኳስ ሁለተኛ አላየሁትም። አባቴ ካረፈ እነሆ 19 ዓመት ሆነው።

የተረፈውን አንደኛውን ካሴት አምና አዲስ አበባ ወስጄ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጥ ሰው ሰጠሁት። ሻጋታ ጀምሮት ነበር። የአንኮበር ጉም ለካሴት አይበጅም። ሰውየው ፈገግ ብሎ «ሁለት ዓመት ቢቆይ አይነሣም ነበር» አለኝ። ማጫወቻውም ራሱ እያለቀ ነው። የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ያለው ዴክ ሲሰበር ካሴቱ ፕላስቲክ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የሚጠጡትን ካሴቶች አውርዱ። በርናትዝ የሣለን አውሮፓ ቀርቷል ብለን እናዝናለን፤ ራሳችን የቀረጽነውን ግን ራሳችን እናሻግታለን፣ ወይም እንደ እኔ ኳስ እንቀዳበታለን። ልጆቻችን ሽቦ የማይፈልግ መንገድ ዘርግተዋል። በመንገዱ የሚላከውን መስጠት የእኛ ፋንታ ነው። ደግሞም በየስልካችን አንገታችንን ደፍተን ለየብቻ ከምናየው፣ እንደ ቀበሌው አዳራሽ አብረን ብናየው ይሻላል። አሁን ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ አይደለም።

ያን ማታ ሠርጉን እስከ መጨረሻው አየነው። አባቴ በአንደኛው ካሴት ላይ የሚታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጀሪካን ጠላ ተሸክሞ ወደ ዳሱ ሲገባ፣ ከጀርባው። እናቴ የእህቴን ልጅ «መልሽው» አለቻት። መለሰችው። እንደገና ገባ። «መልሽው።» እንደገና ገባ። በአራተኛው ላይ እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለች። ባሏን ዕድሜ ልኳን አንቱ እንዳለች ነው የኖረችው።

«እስቲ አንድ ጊዜ ዞር ይበሉ» አለች።

እኔ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ብርድ ነበር።