«በዘራቸው ነው» ከማለታችን በፊት

እኛ ጉለሌ አንድ ጎልማሳ ሃርት አታክ በምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲሞት፣ ድንኳን ውስጥ ሁሌ የማይጠፋ ቃል አለ፦ «በዘራቸው ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነው የሞቱት»። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ችግሩ ወሬውን እዚያው ላይ መዝጋታችን ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1938 ካርል ሙለር የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም፣ በአንዳንድ ቤተሰቦች ከፍተኛ ኮሌስትሮልና የልብ ሕመም ተያይዘው ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወርዱ ጻፈ። ምክንያቱን ያገኙት አሜሪካውያኑ ብራውንና ጎልድስታይን ናቸው፦ ኮሌስትሮልን ከደም የሚያነሳው የሴል መቀበያ፣ ጂኑ ሲበላሽ ሥራውን በደንብ አይሠራም። በ1985 ኖቤል ተሸለሙበት።

የሚገርመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ጂን ተበላሸ ሲባል ሁሌም ጉዳት ይመስለናል አይደል? በ2006 ከዳላስ የወጣ ጥናት፣ ከተጠኑት ጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶዎቹ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ጂናቸው አንዱ ቅጂ እንደማይሠራ አሳየ። የእነዚህ ሰዎች መጥፎ ኮሌስትሮል በ28 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ! ይህ ለውጥ በነጮች ዘንድ ከስንት አንድ ነው፤ እነሱን ብቻ አጥንተው ቢሆን ኖሮ ባመለጣቸው ነበር። ይህ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን የሚገታ መድኃኒት በ2015 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ወደ እኛ እንምጣ። በ1996 ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ስዊድን ሆነው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠኑት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ጂን ተደራቢ ቅጂ አላቸው። ስዊድናውያን ዘንድ 1 ወይም 2 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ጂን የሚሠራው የጉበት ኢንዛይም ለልብ ሕመምተኞች የሚታዘዘውን ሜቶፕሮሎልን ጭምር ይሰባብራል። ስለዚህ ለስቶክሆልም ሰው የተመጠነ ክኒን ለጉለሌ ሰው ልክ ላይሆን ይችላል። (ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳትነኩ፣ አደራ!)

ዘር ግን ፍርድ አይደለም። በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በዘራቸው ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ሰዎች መካከል የማያጨሱት፣ ከልክ ያልወፈሩት፣ እንቅስቃሴ የሚያደርጉትና አመጋገባቸው ጥሩ የሆነው፣ ስጋታቸው ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ያነሰ ነው።

እና ወዳጆቼ፣ «በዘራቸው ነው» ሲባል ስንሰማ፣ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ የሟቹን ልጆችና ወንድሞች «ግፊታችሁን፣ ኮሌስትሮላችሁን ተለክታችኋል?» እንበላቸው። ጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ነው። ላብራቶሪ የገባችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ደግሞ የእኛን ሰው አጥኑልን።

ቸር ያቆየን።