የዳምቦያ ገጽ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዳምቦያን ገጽ ነገር ላውጋችሁ።

ዳምቦያ በከምባታ ምድር ያለች ወረዳ ናት፤ እንሰቱ ከየጓሮው የማይጠፋባት። እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ክልል ሥር ነበረች፤ በዚያ ዓመት ማብቂያ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወደ አዲሱ ገባች። አሁን አንድ የዳምቦያ ልጅ አስቡልኝ። ስም አልሰጠውም፤ እሱን የመሰሉ በየከተማው ሞልተዋል። ማታ ስልኩን ከፍቶ ውክፔዲያ ላይ ያገሩን ስም ይፈልጋል። ያገኘው ጥቂት መስመር፣ ያውም ያረጀ መረጃ ነው። ልቡን ነካው። ውክፔዲያ የተባለው ይህ መዝገበ ዕውቀት በፈረንጆች 2001 ከተጀመረ ጀምሮ ደመወዝተኛ ጸሐፊ የለውም፤ የወደደ ይጽፋል፣ የወደደ ያርማል። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲያከማች አማርኛው ገና 15,000 ገደማ ላይ ነው። ልጁም ከሚጽፉት አንዱ ሊሆን ቆረጠና የብዕር ስም አወጣ።

እቤቱ አንድ ጡረተኛ መምህር ስለ አካባቢው ታሪክ ያሳተሙት ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ፣ አንድ ቃል ሳይለውጥ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ውክፔዲያው ገጽ ላይ ገለበጠው። በዚያው ሰሞን ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የሚጠብቅ ያገሩ ሰው ገጹን አየ። መጽሐፉን ያውቀዋል፤ ገጾቹን ለሚቆጣጠሩት የውክፔዲያ መጋቢዎች ጠቆመ። ጽሑፉ ተነሣ። ልጁ መልሶ ለጠፈው፤ እንደገና ተነሣ። በውይይት ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያ ቢጻፍለትም አላነበበውም። ሲደግመው ታገደ። ተናዶ በሌላ የብዕር ስም ገባ፤ ያም ታገደ።

እናንተዬ፣ ልጁ ላይ አትፍረዱ። ያደረገው ካገር ፍቅር ነው። ግን የመምህሩንም ነገር አስቡ። የዳምቦያን ታሪክ በመጽሐፍ ያሰፈረ ሰው ስንት ይገኛል? መምህሩ ሽማግሌዎቹን እየዞሩ ጠይቀው፣ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ከጡረታቸው ከፍለው ያወጡት ሥራ ነው። የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ስንቶቻችን እናውቃለን? አዋጁ ደግሞ እውነቱን ራሱን ለማንም አልቆለፈም። ወረዳው መቼ እንደተቋቋመ፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚቆም ማንም ሊጽፈው ይችላል። የመምህሩ የሆነው ያን የተናገሩበት አገላለጽ ነው።

መጋቢዎቹም ጽሑፉን ከገጹ ላይ በማንሣት ብቻ አይጨርሱም። በውክፔዲያ የተጻፈ ሁሉ በገጹ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ይቀራል፤ የተገለበጠውም እዚያው ተቀምጦ ይነበባል። ስለዚህ የቆዩትን ቅጂዎች አንድ በአንድ ይሰውራሉ። ይህን የሚያደርጉት ያለ ክፍያ፣ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ነው፤ በአማርኛው በኩል ደግሞ በጣም ጥቂት ናቸው።

እገዳውን እኔ የማየው ሴራ በሚባለው የከምባታና የሃዲያ ባህላዊ ሕግ ዓይን ነው። በሴራው ሰውን ከማኅበር ማግለል የመጨረሻው ቅጣት ነው፤ ምክሩና ካሣው ይቀድሙታል፤ ጥፋቱን ያመነ ሰው ደግሞ ይመለሳል። ውክፔዲያም ላይ ገደብ ያልተቆረጠለት እገዳ ማለት ለዘላለም ማለት አይደለም። የታገደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የውይይት ገጽ ላይ መጻፍ ይችላል፤ አቤቱታውን የሚያሰማው እዚያ ነው።

ልጁ በመጨረሻ ማስጠንቀቂያውን አነበበና ወደ መምህሩ ሄደ።

«ጋሼ፣ መጽሐፍዎን ሳላስፈቅድ ገልብጬ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈቃድዎን ለውክፔዲያ በኢሜይል ቢልኩ ግን እንዳለ ሊቀመጥ ይችላል።»

«ፈቀድኩ ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ስምዎን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ያባዛዋል፣ ይለውጠዋል።»

«ነጋዴ አሳትሞ ቢሸጠውስ?»

«ይችላል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አይሆንም። የጡረታዬ መደጎሚያ ነው። ታሪኩን ግን ውሰድ። በራስህ አንደበት ጻፈው፤ ከየት እንዳገኘኸው፣ ከስንተኛው ገጽ እንደሆነ አስቀምጥ።»

ልጁ በመጀመሪያው ስሙ የውይይት ገጽ ላይ ሁሉንም ጻፈ፤ መገልበጡን፣ ሁለተኛው ስም የእሱ መሆኑን። ከሥሩም በራሱ ቃል ያዘጋጀውን አንድ አንቀጽ፣ የመምህሩን መጽሐፍ ከነገጹ ጠቅሶ አኖረ። እንዲህ ያለውን አቤቱታ አልፎ የሚሄድ መጋቢ ቢኖር እኔ እቀየመዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ያላጠፋም ይታገዳል። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሰው አንድ የአይፒ አድራሻ ይጋራል፤ አንዱ ባጠፋው አድራሻው ሲዘጋ የማያውቁት ሁሉ አብረው ይዘጋሉ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ብዙ ኢትዮጵያዊ ገደቡን ለማለፍ አድራሻ የሚደብቅ ቪፒኤን ከፈተ። ውክፔዲያ ደግሞ አጥፊዎች ይደበቁበታል ብሎ የቪፒኤን አድራሻዎችን አስቀድሞ ይዘጋል። ያኔ አንድ ፊደል ሊያርም የገባ ሰው የጠበቀው የእገዳ ማስታወቂያ ነው። ይህ መስተካከል አለበት፤ ስማቸው የተመሰከረላቸው ጸሐፊዎች ከአድራሻ እገዳ ነጻ የሚሆኑበት ፈቃድ አለና ለአገራችን ልጆች ሳይጓተት ይሰጥ። እናንተም ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ላይ ተማሪ ሰብስባችሁ ውክፔዲያ ላይ መጻፍ ልታሠለጥኑ ያሰባችሁ፣ ከአንድ አድራሻ በቀን ከ6 በላይ አዲስ የብዕር ስም እንደማይከፈት እወቁ። ገደቡ እንዲነሣላችሁ ከሥልጠናው ቀናት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰባተኛው ልጅ በር ላይ እንዳይቀር።