የብሪን ቤተሰብ ልገሳ ለፓርኪንሰን ምርምር

የብሪን ቤተሰብ ልገሳ፦ የጉግል ተባባሪ መሥራች ሰርጌይ ብሪን ለፓርኪንሰን በሽታ ምርምር የሚሰጠው፣ በድምሩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የደረሰ የገንዘብ ድጋፍ ነው።

መነሻው የእናት ሕመም ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ከቤተሰባቸው ጋር ከሶቪየት ኅብረት ወደ አሜሪካ የተሰደዱትና በናሳ ያገለገሉት ዩጂኒያ ብሪን በፓርኪንሰን ተያዙ። ልጃቸውም በ2008 እ.ኤ.አ. እናቱ የሚሸከሙት፣ ኤልአርአርኬ2 በተባለው ዘረ መል ላይ የሚከሰት ለውጥ በእሱም ላይ መገኘቱን በይፋ ተናገረ። ለውጡ በአሽኬናዚ አይሁዶችና በሰሜን አፍሪካ በርበሮች ዘንድ ከሌሎች ሕዝቦች ይልቅ ይዘወተራል። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎች ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ ስጋቱ ግን ከሌላው ሰው ይበልጣል።

ገንዘቡ በመጀመሪያ በዋናነት የደረሰው ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በ2000 እ.ኤ.አ. ላቋቋመው ድርጅት ነበር። በኋላ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. በዚሁ የብሪን ገንዘብ የሚደገፍ «አሳፕ» የተሰኘ ዓለም አቀፍ የምርምር ትብብር ተጀመረ፤ ተመራማሪዎቹም ግኝታቸውንና መረጃቸውን ለሌሎች ክፍት እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ይህ ደንብ ከገንዘቡ ባልተናነሰ ትልቅ ስጦታ ነው፤ የታመመ ሰው ቤተ ሙከራዎች ተደባብቀው እስኪፎካከሩ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ለአፍሪካ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ውጤት በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። አሳፕ የሚደግፈው የዘረ መል ጥናት፣ ናይጄሪያውያንን ጨምሮ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ፣ ጂቢኤ1 በተባለው ዘረ መል ውስጥ ቀደም ሲል ያልታወቀ የስጋት ምክንያት አገኘ። ቀደም ያሉት ጥናቶች በአብዛኛው ያተኮሩት በአውሮፓውያን ላይ ነበር።