ስለ ሁለት የአይሮፕላን ነጂዎች

በሳሪስ አቦ የሚኖር፥ የአይሮፕላን ነጂነትን ሙያ በአገሩ ተምሮ ጥቂት ዓመታት ያገለገለ አንድ ወጣት ጎረቤቴ፥ ከባሕር ማዶ የተላከለትን የሥራ ውል ይዞ ባለፈው ክረምት ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንጂ የበረራ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እርሱ ዛሬ ከአዲስ አበባ ሊወጣበት ያሰበውን መንገድ፥ ከዘጠና ዓመት በፊት ወደ አዲስ አበባ የመጡበት ሰዎች ነበሩና የእነርሱን ታሪክ አወጋሁት።

የመጀመሪያው አይሮፕላን ወደ አገራችን የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። በተከታዩ ዓመት ትውልዱ ከትሪኒዳድ፥ ዝናው ከኒውዮርክ ሐርለም የሆነ ሂዩበርት ጁልያን የተባለ ሰው መጣ። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከአይሮፕላን በጃንጥላ ወርዶ ተመልካቹን ሁሉ አስደነቀ፤ ወዲያውም የኮሎኔልነት ማዕርግ ተሰጠው። በጃንጥላ መውረድ ድፍረትን ያስመሰክራል፤ መሪ ይዞ አይሮፕላንን በደኅና መመለስ ግን ሌላ ሙያ ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የዘውዱ በዓል ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፥ ጁልያን ከለንደን በስጦታ የመጣችውን ትንሽ አይሮፕላን ያለ ፈቃድ አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጫት። በዓሉንም ሳያይ አገር ለቅቆ እንዲሄድ ተደረገ።

ይህ ነገር ሳይረሳ፥ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ፈቃደኛነቱን ገለጠ። ሮቢንሰን በቱስኪጊ መካኒክነት የተማረ ሰው ነበር። የሺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልህም ቢለው፥ በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ሲያዳምጥ ቆይቶ፥ በመጨረሻ እዚያው አስተማሪ ለመሆን በቃ። በዋሺንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ማላኩ በያን ስለ ሰውየው ችሎታ ጠይቀው ተረዱ፤ ጥሪውም ከዚያ በኋላ ደረሰው። በግንቦት 1927 ዓ.ም. ተነሥቶ መጣ።

እንግዲህ ቀጣሪው መርምሯል። ተቀጣሪውስ? ሮቢንሰን እዚህ ሲደርስ ያገኘው መሣሪያ የሌላቸው፥ አብዛኞቹም ያረጁ ጥቂት አይሮፕላኖች ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ እንጂ ከኢጣልያ አይሮፕላኖች ጋር የሚዋጋበት አልነበረውም። እርግጥ የመጣው ለደመወዝ ሳይሆን ለጥቁር ሕዝብ ክብር ነውና በዚህ አልወቅሰውም። ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 ነጂዎችን ሊያሠለጥን ጓደኞቹን ይዞ ሲመለስ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የአየር ኃይሉ ሥልጠና ለስዊድኖች ተሰጠ፤ እርሱም ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ተጋጨና ሥራውን አጣ። ያም ሆኖ አገሩን አልተመለሰም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ይነዳው የነበረ አይሮፕላን ወድቆ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፤ አዲስ አበባም ተቀበረ። በውል ጉዳይ ከእርሱ የበለጠ የሚያሳዝነኝ ሰው የለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም መንገዱ ተለወጠ። ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስምምነት ስለ ነበረ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የተጀመረውን በረራ ያካሄዱት ነጂዎች ከኋላቸው ድርጅትና የተጻፈ ውል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአዛዥነቱን ወንበር ያዙ።

ወጣቱ እስከዚህ ሰምቶ፥ «ጋሼ፥ ያ የጥንት ነገር ነው፤ እኔ የታወቀ የነጂነት ፈቃድ አለኝ» አለኝ። በኅዳር 1937 ዓ.ም. በሺካጎ የተፈረመውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 32ኛ አንቀጽ አሳየሁት። በአንቀጹ መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ ነጂ፥ አይሮፕላኑ የተመዘገበበት መንግሥት የሰጠውን ወይም ያጸደቀውን ፈቃድ መያዝ አለበት። ስለዚህ የአዲስ አበባው ፈቃድ እዚያ በራሱ አይበቃም፤ የዚያ አገር ባለ ሥልጣን ምን ፈተና እንደሚጠይቅ አስቀድሞ መጻፍና መልሱን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ውሉን አብረን አነበብን። በሦስተኛው ገጽ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሥራውን የለቀቀ ነጂ የሥልጠናውን ወጪ እንደሚከፍል ተጽፏል፤ ኩባንያው ራሱ ነጂውን ያሰናበተ እንደ ሆነ ማን እንደሚከፍል ግን አንዳች ቃል የለም። ወጣቱ ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ፥ በማግሥቱ ሊልከው የነበረውን ፊርማ አቆይቶ የጥያቄ ደብዳቤ ሊጽፍ ወደ ቤቱ ሄደ።