ከእርሻ ማሳ እስከ ባህር፦ በግሬት ባሪየር ሪፍ ኮራሎች ላይ የደረሰው ጉዳት

በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በኩዊንስላንድ ግዛት ትይዩ የሚገኘው ግሬት ባሪየር ሪፍ 2 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሪፎችን ያቀፈና በዓለም ትልቁ የኮራል ሥርዓተ ምህዳር ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ1975 ባወጣችው ሕግ የባህር ፓርክ እንዲሆን አድርጋለች፤ በ1981 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁንና ለጉዳቱ መነሻ የሆኑት ተግባራት በአብዛኛው የሚፈጸሙት ከፓርኩ ወሰን ውጭ በመሆኑ ክለላው ብቻውን አላዳነውም።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች በፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጁ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ ያቀርቡለታል፤ ቀለሙንም በዋነኛነት የሚያገኘው ከእነርሱ ነው። የባህሩ ሙቀት በሞቃታማዎቹ ወራት ከሚደርስበት የተለመደ ጣሪያ በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ ዋቅላሚዎቹን አስወጥቶ ይነጣል። የነጣ ኮራል ወዲያው አይሞትም። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ያገግማል፤ ካልሆነ ግን በረሃብ ያልቃል።

በ1998 እና በ2002 የታየው መጠነ ሰፊ መንጣት በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022፣ በ2024 እና በ2025 ተደጋግሟል። በ2016 ብቻ በጥቂት ወራት ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚገኝ ኮራል ሞቷል። ፈጥነው የሚያድጉት ዝርያዎች እንኳ ለማገገም አሥር ዓመት ገደማ ስለሚያስፈልጋቸው፣ ከአደጋው ክብደት ባልተናነሰ የሚያሳስበው የጊዜው ልዩነት መጥበብ ነው።

በ2012 ይፋ የሆነ የአውስትራሊያ የባህር ሳይንስ ተቋም ጥናት፣ ከ1985 ጀምሮ በነበሩት 27 ዓመታት የሪፉ የኮራል ሽፋን ከ28 በመቶ ወደ 13 ነጥብ 8 በመቶ መውረዱን አረጋግጧል። ለዚህም አውሎ ነፋስ 48 በመቶ፣ ኮራል በል የሆነው «የእሾህ አክሊል» የተሰኘው የባህር ኮከብ 42 በመቶ፣ መንጣት ደግሞ 10 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። የመንጣት ድርሻ ያን ጊዜ ይህን ያህል አነስተኛ መሆኑ፣ ሁኔታው ከ2016 ወዲህ ምን ያህል በፍጥነት እንደተለወጠ ያመለክታል።

የባህር ኮከቡ የሪፉ ነባር ነዋሪ ነው። የሰው እጅ የሚገባው በመራባቱ ላይ ነው። ከሸንኮራ አገዳ ማሳዎች በጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው የማዳበሪያ ናይትሮጅን በባህሩ ውስጥ ጥቃቅን ዋቅላሚዎችን ያበዛል፤ የባህር ኮከቡ እጮች ደግሞ የሚመገቡት እነዚህኑ ነው። አንዲት እንስት በአንድ ወቅት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ስለምትጥል፣ ከእጮቹ የሚተርፈው መጠን በትንሹ ቢጨምር እንኳ ወረርሽኝ ሊከተል ይችላል። እንደ በርደኪን ባሉ ወንዞች ተፋሰስ ከሚገኙ የከብት ግጦሽ መሬቶች የሚሸረሸረው አፈርም ደለል ሆኖ ብርሃን ይጋርዳል፤ አዳዲስ ኮራሎች የሚያርፉበትን አለትም ይሸፍናል።

በ2004 በተደረገ የወሰን ማሻሻያ ዓሣ ማስገር የተከለከለበት የፓርኩ ክፍል ከ5 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሏል። በተከለከሉት ሪፎች የዓሣ ሀብቱ ያደገ ሲሆን፣ የባህር ኮከቡ ወረርሽኝም አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የእርሻ መሬቱ ጉዳይ ግን በዋናነት የኩዊንስላንድ መንግሥት ሥልጣን በመሆኑ፣ የፌዴራሉና የግዛቱ መንግሥታት በ2003 የጋራ የውኃ ጥራት ዕቅድ ለማውጣት ተገደዋል። በባህሩ ውስጥ ጠላቂዎች የእሾህ አክሊሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ ኮምጣጤ ወይም ከከብት ሐሞት የተዘጋጀ ጨው በመርፌ በመውጋት ያስወግዱታል።