ቁልፉ የጠፋበት በር፦ የዮርክ ሁለት ቤቶችና የመጠየቅ አገልግሎት

ራሳቸውን ችለው መኖር ለማይችሉ አዋቂዎች ስለሚደረግ እንክብካቤ የተጻፉ ታሪኮች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክ ከተማ፣ በ1796 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው «ሪትሪት» ከተባለው ቤት ነው። እኛ ግን ስድስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በማርች 1790 ሐና ሚልስ የምትባል የሊድስ መበለት በዚያው ከተማ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ገባች። ሴቲቱ ኩዌከር ነበረች። ዘመዶቿ ሩቅ ስለነበሩ በዮርክ ያሉ የእምነት ወዳጆቿ እንዲጠይቋት ለመኑ። እነርሱም ሄዱ፤ የቤቱ ሰዎች ግን ለመታየት በሚያመች ሁኔታ ላይ አይደለችም ብለው መለሷቸው። ኤፕሪል 29 ቀን ሞተች።

ያ መጠለያ የክፉ ሰዎች ሥራ አልነበረም። በ1777 የተከፈተው ከሕዝብ በተሰበሰበ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ነው፤ በአስተዳዳሪዎቹ ስብሰባ ላይ ሊቀ ጳጳሱ ሳይቀር ይገኝ ነበር። የተከበረ ስም ያለው ቤት ግን የሚጎበኘው ሰው ያጣል፤ ሁሉም መልካም ነው ብሎ ያስባልና።

ዊልያም ቱክ የሻይና የቡና ነጋዴ ነበር። በ1792 ማኅበሩ የራሱን ቤት እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሪትሪት ሠላሳ ለሚሆኑ ሰዎች ተከፈተ። ቤቱ እስር ቤት እንዳይመስል የመስኮቶቹ ብረት የተራ መስኮት ፍሬም መስሎ ተሠራ። በግቢው ጥንቸሎችና ዶሮዎች ነበሩ፤ ነዋሪዎቹ ይመግቧቸዋል። የሴቶቹ ኃላፊ ነዋሪዎቹን በየጊዜው ሻይ ትጠራቸው ነበር፤ እነርሱም ያላቸውን የክት ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ሰንሰለት አልነበረም። መታሰር ግን ፈጽሞ አልቀረም፤ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ሳሙኤል ቱክ በ1813 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አልሸሸገም። ፈላስፋው ሚሼል ፉኮ በኋላ ዘመን፣ በዚያ የሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ እንኳ ሕሙማኑ ይታዩና ይመዘኑ ነበር ብሎ ነቅፏል። ነቀፋው ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ከሰንሰለትና ከሻይ የትኛውን ትመርጣላችሁ ቢባል፣ መልሱን ለማግኘት ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በየመማሪያ መጻሕፍቱ ይገኛል። ለእኛ ለአገልጋዮች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አሮጌው መጠለያ ላይ የደረሰው ነው። የሳሙኤል ቱክ መጽሐፍ የመጠለያውን ሐኪም አስቆጣ፤ በጋዜጣም ክርክር ተነሣ። ጎድፍሪ ሂጊንስ የሚባል የአካባቢው ዳኛ በዚያ ቤት ውስጥ የተደረገ በደል ሰምቶ ነበር። ታዲያ እንዴት ይግባ? በመጠለያው ደንብ 20 ፓውንድ የለገሰ ሰው የአስተዳዳሪነት መብት ያገኛል። በ1813 መጨረሻ ሂጊንስና ቱክን ጨምሮ በርከት ያሉ ሰዎች ገንዘቡን ከፍለው አስተዳዳሪዎች ሆኑ። ወደ ውስጥ የመግባትን መብት በገንዘብ ገዙ ማለት ነው።

በማርች 1814 ሂጊንስ ቤቱን ሊያይ ሄደ። ክፍሎቹን ሁሉ ካየ በኋላ አንድ በር እንዲከፈትለት ጠየቀ። ቁልፉ ጠፍቷል አሉት። እርሱም፣ ቁልፉ ካልተገኘ ከኩሽናው ምድጃ አጠገብ ሌላ «ቁልፍ» አገኛለሁ አለ፤ የእሳት መቆስቆሻውን ብረት ማለቱ ነበር። ቁልፉ ወዲያው ተገኘ። ከበሩ ጀርባ ጎንና ጎናቸው ስምንት ጫማ የሆኑ አራት ጠባብ ክፍሎች ነበሩ፤ ወለላቸው በጭድና በእዳሪ የተሸፈነ። በእነዚያ ክፍሎች ያደሩት 13 ሴቶች ፎቅ ላይ በአንዲት ትንሽ ክፍል ታጭቀው አገኛቸው። ሽታው አስመለሰው። በዚያው ዓመት የቤቱ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ በ1815 ሂጊንስ ያየውን ለፓርላማ ኮሚቴ መሰከረ።

በ1845 ደግሞ እንዲህ ያሉ ቤቶችን እየዞሩ የሚመረምሩ ቋሚ ኮሚሽነሮች በሕግ ተሾሙ። ሰብሳቢያቸው ሎርድ አሽሊ፣ በኋላ የሻፍትስበሪ መስፍን የተባለው፣ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነበር፤ በ1885 እስኪሞት ድረስ ይህን ሥራ አልተወም። ስለ ወንጌላውያን የማኅበራዊ አገልግሎት ታሪክ ስናስተምር ስለ ፋብሪካ ሕፃናት ያደረገውን እናነሣለን፤ ይህን ግን እንዘለዋለን።

እዚህ ላይ ቃሉን ተመልከቱ። በማቴዎስ 25 ላይ የታመመውን ስለ መጠየቅ የሚናገረው የግሪኩ ግስ ኤፒስኬፕቶማይ ነው፤ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 የምናገኘው «ኤጲስ ቆጶስ» ከዚያው ሥር ይወጣል። መጎብኘትና በኃላፊነት መመልከት አንድ ዘር ናቸው። አማርኛችንም አይተናነስም፤ «መጠየቅ» ስንል አልጋ አጠገብ መቀመጥም ነው፣ ጥያቄ ማቅረብም ነው። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ትተናል። ጸልየን፣ ብርቱካን አስቀምጠን እንወጣለን።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ካሉት ምእመናኖቻችን ብዙዎች ግሩፕ ሆም በሚባሉት ቤቶች ተረኛ ሆነው ያድራሉ። ያዩትን የሚናገሩበት ሰው ይፈልጋሉ፤ አንዳንዱ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ዝም ይላል። መጋቢ ከሆናችሁ ስለ ፈረቃቸው ብቻ ሳይሆን በዚያ ስለሚኖሩት ሰዎች ጠይቋቸው። እንዲህ ያለ ቤት ስትሄዱ ደግሞ፣ የቤቱ ደንብ እስከ ፈቀደ ድረስ፣ አስቀድማችሁ አታስነግሩ፤ በምግብ ሰዓት ሂዱ፤ ከኃላፊው በፊት ነዋሪውን በስሙ ጠርታችሁ ሰላም በሉ፤ ሠራተኛው በሌለበትም ጥቂት ደቂቃ አብራችሁት ተቀመጡ።